የዓባይ ልጅ ቢል ሲደርሰው፦ በትንሽ ከተማ የውሃና የቤት ክፍያ እንዴት ይጀመራል?

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያለው ሰው ሚያዝያ ላይ አንዷ የጎጃም ከተማ ቦኖ ፊት ቆሞ የነበረ መሆን አለበት። ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል። ጀሪካን ያልደረሰው ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይዟል። ድንጋይ ያጣ ነጠላ ጫማውን አውልቋል። ከከተማዋ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ቢኬድ ግን ወንዝ አለ።

በአንዲት ትንሽ የምዕራብ ጎጃም ከተማ፣ በማዘጋጃ ቤት ገቢ ክፍል ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። የውሃ ታሪፍ ሲሻሻልም፣ ቤት ለግብር ሲመዘገብም ነበርኩ። የውሃው ተሳካ፣ የቤቱ በመጀመሪያው ዙር ከሸፈ። ይህን የምጽፈው ነገ ተመሳሳይ ሥራ ለሚጠብቃችሁ ነው፤ ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ ለውሃ ቦርድ አባላት፣ «እስቲ አንተም ግባበት» ተብለው ለሚጠሩ የእድር ዳኞች። ከፋይ ለሆነውም ይጠቅማል፤ ቢሉ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ያያል።

መጀመሪያ ሁለቱን ለዩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የውሃ ክፍያ የአገልግሎት ዋጋ ነው። የተጠቀመ በተጠቀመው ልክ ይከፍላል፣ ያልተጠቀመ አይከፍልም። ታሪፉን የውሃ ቦርድ እያየ የሚመለከተው አካል ያጸድቀዋል። የቤት ክፍያ ግን ግብር ነው። ግብር ደግሞ ከሕግ ውጭ አይጣልም። ከንቲባ ስብሰባ ጠርቶ «ከዛሬ ጀምሮ በየቤቱ ይህን ያህል» ሊል አይችልም።

ሕጉ የት ደርሷል? ለረጅም ጊዜ ከተሞች ሲሠሩበት የኖሩት የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው፤ የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር የሚባለው። ሕዝቡ «የጣራና ግድግዳ» የሚለው መሆኑ ነው። ከዚያ በጥር 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። አዋጁ ማዕቀፍ ነው። ግብሩን የመጣል ሥልጣን የክልሎች ስለሆነ፣ ከተማችሁ ከመንቀሳቀሷ በፊት የክልሉን ሕግና መመሪያ በእጃችሁ ያዙ። በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ጠይቁ።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ መዋጮ። መዋጮ በፈቃድ የሚሰጥ ነው። ሰው መታወቂያ ሊያሳድስ ሲመጣ «መጀመሪያ የመንገድ መዋጮ ክፈል» ከተባለ መዋጮነቱ ቀርቷል። የእኛ ከተማ ላይ ይህ ተደርጎ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል ስለ ክፍያ አፋችንን በከፈትን ቁጥር ያንን ነበር የሚያነሱብን።

ገመዱን ከማውጣታችሁ በፊት

የቤት ምዝገባው የከሸፈው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ሦስት ሆነን ሜትር ይዘን ሄድን። አንድ ግቢ ገባን። እማማ ቡና እየቆሉ ነበር። ሰላም አልን፣ ተቀበሉን፣ ተቀመጡ አሉን። ጓደኛዬ የሜትሩን ጫፍ ለእኔ ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄደ። ብረቱ ተመዞ ሲወጣ «ሽርር» አለ። እማማ ምጣዱን አወረዱ።

«ልጄ፣ ምን እየለካችሁ ነው?»

«ለግብር ነው እማማ። ቤቱን ነው።»

«የአባቴን መሬትም እንዲህ ብለው ነው የመጡት።»

ቡናው ሳይወቀጥ ወጣን። በማግሥቱ ከዚያ ሠፈር ግማሹ ግቢ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን።

እማማ የሚያስታውሱትን ማወቅ ነበረብን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመጸ። ሞጣና ብቸና ዋነኞቹ ነበሩ፣ ዳሞትም ነበረበት። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ተጠቀመ። መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገበሬውን ያስቆጣው የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ርስቱ ሊለካ ነው ብሎ ፈራ። የተለካ መሬት ይወሰዳል፣ ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ይገባበታል ብሎ ነበር የሚያምነው። ገማቹን አላመነውም፤ የተሰበሰበው የት እንደሚገባም አላየም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት መዝገብ ዘርጉ። እስከ ዛሬ የሰበሰባችሁትንና ያዋላችሁበትን አንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ባለፈው ዓመት ከሱቅ፣ ከገበያ፣ ከቦታ ኪራይ ይህን ያህል ገባ። ለጽዳት፣ ለቦይ፣ ለመንገድ መብራት ይህን ያህል ወጣ። የሚያሳፍር ቁጥር ካለ እሱንም ጻፉት። እድር ላይ አንብቡት፣ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው አንብቡት፣ መስጊድ በር ላይ ለጥፉት። በጎጃም «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ነበረው፤ የሚገበረው ግብር ነው፣ ጌታው አዳራሽ የሚበላውም ግብር ነው። ሰው አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። «ገበርኩ፤ ግብሩስ የታል?»

በውሃ ጀምሩ

ከሁለቱ የትኛው ይቅደም ብትሉኝ ውሃ እላለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውጤቱ በወር ይታያል። በሳምንት አንድ ቀን ይመጣ የነበረ ውሃ ሁለት ቀን ከመጣ፣ ክፍያው ራሱ ይከራከርላችኋል።

እግረ መንገዴን የሩቅ አገር ምሳሌ ላንሣ። አየርላንድ በ2010 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኢኮኖሚዋ ወድቆ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ገንዘብ ስትበደር፣ ከገባቻቸው ግዴታዎች መካከል የቤት ግብርና የውሃ ክፍያ ነበሩ። በ2012 በየቤቱ 100 ዩሮ ተጣለ። በ2013 በቤቱ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ግብር ተተካ፤ ባለቤቱ ራሱ የቤቱን ግምት እንዲያስመዘግብ ተደረገ። ይህ ግብር ዛሬም አለ። የውሃው ክፍያ በ2015 ተጀመረ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ በ2016 ቆመ፣ በ2017 የተከፈለው ተመለሰ። እዚያ ውሃ ድሮም በየቤቱ ይፈስ ነበር። ከፋዩ አዲስ ነገር አላገኘም፣ ያገኘው ቢል ነው። የእኛ ከተማ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ቧንቧው ደርቋል። ውሃ ካመጣችሁ የምታሳዩት አላችሁ፤ ካላመጣችሁ ግን አየርላንድን ታያላችሁ።

ታሪፉን በምርት ሳይሆን በተሸጠ ውሃ አካፍሉ

የአገሪቱ የውሃ ፖሊሲ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የሚለው፣ የገጠር ውሃ ቢያንስ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን፣ የከተማ ውሃ ደግሞ ሙሉ ወጪውን ይሸፍን ነው። መርሑ ጥሩ ነው። ስሌቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይስታል። እስቲ ለምሳሌ እንዲህ እናስላ።

የከተማዋ ጉድጓድ በወር 9,000 ሜትር ኩብ ያመነጫል እንበል። ለመብራትና መብራት ሲጠፋ ለጀነሬተር ናፍጣ 48,000 ብር። ለደመወዝ 62,000። ለክሎሪን፣ ለቧንቧና ለጥቃቅን ጥገና 15,000። ፓምፑ ሲቃጠል ለመተኪያ በየወሩ የሚቀመጥ 25,000። ድምሩ 150,000 ብር።

150,000ን ለ9,000 ብታካፍሉ 16 ብር ከ67 ሳንቲም ይመጣል። «በቃ ታሪፉ ይኸው» ይባላል። ግን የተመረተው ሁሉ አይሸጥም። መንገድ ላይ ይፈሳል፣ በሕገወጥ መስመር ይሄዳል፣ የቆመ ቆጣሪ ሳይቆጥረው ያልፋል። 30 በመቶ ባከነ ብንል የተሸጠው 6,300 ብቻ ነው። በ16.67 ሲሸጥ ወደ 105,000 ብር ይገባል። በየወሩ 45,000 ብር ጎደለ። መጀመሪያ የሚበላው የፓምፕ መተኪያው ነው፤ ስለማይጮህ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓምፑ ሲቃጠል ከተማው በሙሉ «ለፓምፕ መዋጮ» ይጠራል።

ትክክለኛው አካፋይ 6,300 ነው፤ 23 ብር ከ81 ሳንቲም። ይህን ቁጥር ሕዝብ ፊት ስታቀርቡ ግን አብራችሁ ሌላ ቁጥር ያዙ። ብክነቱን ወደ 20 በመቶ ብናወርደው ታሪፉ 20 ብር ከ83 ይሆን ነበር። ልዩነቱ 3 ብር የሚጠጋው የእናንተ ስንፍና ዋጋ ነው። በራሳችሁ አፍ ብትሉት ይሻላል። «ብክነቱን በአንድ ዓመት እንቀንሳለን፣ ያኔ ታሪፉን እናያለን» ብላችሁ ቃል ግቡ። ቃሉን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሩት።

ድሃው ላይ የሚወድቀውን ፈልጉ

ታሪፍ በእርከን ይሠራል፤ ትንሽ የተጠቀመ በትንሽ ዋጋ፣ ብዙ የተጠቀመ በትልቅ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሁለት ቀዳዳ ግን አለው።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው እርከን ስፋት። 5 ሜትር ኩብ ማለት 250 ጀሪካን ነው። ብዙ ይመስላል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ሲካፈል ግን በቀን ለአንድ ሰው 33 ሊትር ብቻ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 ሰው በታች ለሚኖርባት ከተማ የተቀመጠው ልክ በቀን 40 ሊትር ነበር። እሱን ለማሟላት የመጀመሪያው እርከን 6 ሜትር ኩብ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አራት ተከራይ። እያንዳንዱ 4 ሜትር ኩብ ይጠቀማል፤ ቆጣሪው 16 ያነባል። ስሌቱ ግቢውን እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ቆጥሮ ውዱ እርከን ውስጥ ይከተዋል። በሰርቪስ ቤት የምትኖር እንጀራ ጋጋሪ፣ መኪና ከሚያጥበው ባለ ፎቅ እኩል ትከፍላለች። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቆጣሪ አንባቢው በዓመት አንድ ጊዜ በግቢው ስንት ቤተሰብ እንዳለ ይመዝግብ። እርከኑ በዚያ ይባዛ።

ቦኖ ላይ ደግሞ ይህን አስቡ። አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ 1 ብር ከተሸጠ ሜትር ኩቡ 50 ብር መጣ። ቧንቧ ቤቱ የገባለት ሰው በ23 ብር ይጠጣል፣ ቧንቧ የሌለው ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። የቦኖዋ ሠራተኛ መብላት አለባት፣ ልክ ነው። ግን ደመወዟን ከአጠቃላይ ወጪው ላይ ክፈሉ እንጂ ጀሪካን ተሸክማ ከምትመጣ ልጅ አትንጠቁ።

ቆጣሪ

በየወሩ በአንድ ቀን አንብቡ፤ ሁልጊዜ በ20 ከሆነ ሁልጊዜ በ20። አንባቢው ሳይሄድ ቤቱ ተቀምጦ ከገመተ፣ በሦስተኛው ወር ግምቱና እውነቱ ይጋጩና የ4,000 ብር ቢል ይወጣል። ይህ ደግሞ በእኔው ስም ላይ ደርሷል። ቢሉን ይዤ የሄድኩበት መስኮት ላይ «ማሽኑ ነው» ተባልኩ። ማሽን አልነበረም፣ እስክሪብቶ ነበር።

ለከፋዩ ሁለት ነገር አስተምሩ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፣ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያሉት ናቸው። ሰው በቀዩ ደንግጦ ይመጣል። ሌላው፣ ግቢ ውስጥ ያለ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር አሁንም የምትዞር ከሆነ ውሃው ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ነው። ብዙ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ያልቃል። አንድ እውነተኛ ቅሬታ ግን አለ። ውሃ ከቀናት በኋላ ሲመለስ ቀድሞ የሚመጣው ነፋስ ነው፤ ነፋሱም ቆጣሪውን ያሽከረክራል። «ነፋስ ነው የከፈልኩት» ያለን ሰው አትሳቁበት። ወረፋው ሩቅ የሆነ ሠፈር ላይ ቅናሽ መስጠት ነውር የለውም።

የቤቱን መዝገብ ባለቤቱ ይሙላ

ውሃው ስድስት ወር ከፈሰሰ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሱ። በዚህኛው ዙር ሜትር አትያዙ። ቅጽ ያዙ። የባለይዞታው ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የቤቱ ስፋት፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ መኖሪያ ነው ወይስ ሱቅ ወይስ ኪራይ። ባለቤቱ ራሱ ይሙላ፣ ይፈርም። ማንበብ የማይችል ልጁ ይሙላለት። ከዚያ ከአሥር ቤት አንዱን፣ ከእድሩ ሽማግሌ ጋር ሆናችሁ፣ ቀጠሮ አስይዛችሁ አረጋግጡ። እኛ ሁለተኛውን ዙር እንዲህ አድርገን ነው እማማ ግቢ የተመለስነው። ቡናው ያን ቀን ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ። ቅጹ ላይ ከገመትነው አንድ ክፍል በላይ አስሞሉ፤ ከጓሮ ያለውን የበግ ቤት ሳይቀር አስቆጥረው ነበር። የበግ ቤቱን ሰረዝነው።

ሂሳቡን ለሕዝብ ስትገልጹ ፐርሰንት ብቻ አታውሩ። በብር አሳዩ። በአዲሱ አዋጅ ማዕቀፍ ግብሩ የሚሰላው ከንብረቱ ዋጋ 25 በመቶው ላይ ነው። ለሕንፃ ምጣኔው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ነው፣ የመሬቱ መጠቀሚያ ደግሞ ለብቻው ከ0.2 እስከ 1 በመቶ። 800,000 ብር የሚያወጣ ቤት እንውሰድ። 25 በመቶው 200,000 ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ በዓመት 200 ብር፣ በከፍተኛው 2,000 ብር ይመጣል። የት ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው የክልሉ ሕግ ነው። ሰው «ከቤቴ ዋጋ አንድ በመቶ» ሲባል 8,000 ብሎ አስልቶ እንቅልፍ ያጣል። ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አካፍሉለት።

አንድ ጉዳይ አሁንም ይከነክነኛል። አስፋልት ዳር የቀሩ አሮጊት አሉ። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ቦታው ግን ወርቅ ነው። ገቢያቸው ልጃቸው የምትልክላቸው ብቻ ነው። ንብረት አላቸው፣ ገንዘብ የላቸውም። ሕጉ የፈቀደ እንደሆነ፣ ግብሩ በቤቱ ላይ ተመዝግቦ ይቆይና ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ ይከፈል እላለሁ። የቀበሌ ቤት ተከራይን ደግሞ እንደ ባለቤት አትመዝግቡ፤ ተደርጎ አይቻለሁ።

መቼና እንዴት ይሰብሰብ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል ብላችሁ የቤት ግብሩን ሐምሌ ላይ አትጥሩ። ያኔ ነጋዴው የራሱን ግብር ይከፍላል። ገበሬው ዘር ጨርሷል፣ ማዳበሪያው ኪሱን አራቁቶታል። ጳጉሜና መስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ነው። የእኛ አገር ከተማ የሚያንሰራራው ጤፉና በቆሎው ገበያ ሲወጣ ነው። ጥር ግማሹን፣ ሚያዝያ ግማሹን።

በር ለበር ጥሬ ገንዘብ አታሰብስቡ። ባንክ ወይም ቴሌብር፣ ለማይችል ደግሞ አንድ መስኮት፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ቁጥር ያለው ደረሰኝ። የቤቱንና የውሃውን ሂሳብ አታደባልቁ፤ ሁለት የባንክ ደብተር ይኑር። የፓምፕ መተኪያው ሦስተኛ ይሁን፣ ፈራሚዎቹም ከቦርዱ ውጭ አንድ የሕዝብ ተወካይ ይጨምሩ።

የመጀመሪያው ቢል ከመውጣቱ በፊት የቅሬታ ወንበር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ገማቹ የራሱን ግምት አይዳኝ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይቆረጥለት።

ያልከፈለውስ?

መጀመሪያ ማን እንደሆነ እዩ። እኛ የውዝፍ ዝርዝር ስናወጣ ከላይ የተሰለፉት ድሆች አልነበሩም። መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። «በጀት አልተለቀቀም» ይላሉ። ስማቸውን ከማንም በፊት ሰሌዳው ላይ አውጡ። የመንግሥት ቢሮ ስድስት ወር ሳይከፍል ውሃ እያጠጣችሁ፣ የአንዲት እናት ቧንቧ በሁለት ወር ብትቆርጡ ከተማው ይፈርድባችኋል፤ ልክ ነው። ለግለሰቡ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ የክፍያ ስምምነት፣ ከዚያ በኋላ ነው መቁረጥ። የቤት ግብር ባለመከፈሉ ግን ውሃ አይቆረጥም። ሁለቱ ሂሳቦች በመዝገብ እንደተለያዩ በቅጣትም ይለያዩ።

ሰሌዳው በየወሩ ይታደስ። አራት መስመር ይበቃዋል፤ የተመረተ ውሃ፣ የተሸጠ ውሃ፣ የገባ ብር፣ የወጣ ብር። በእኛ ከተማ ገበያ መግቢያው ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተሰቅሎ ነበር። አንድ ወር ሳንጽፍበት አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሦስት ሰዎች በር ላይ ቆመው አገኘሁ። አንደኛው የበጉን ገመድ እንደያዘ ነው። «የጥቅምቱስ?» አለኝ።